ወረፋው ከየት ይጀምራል? የሥራ ሂደት ማሻሻያ ፕሮጀክት የመለካት ምዕራፍ፣ ከመነሻው እስከ ርክክቡ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። የጤና ጣቢያው በር ገና አልተከፈተም። አንዲት እናት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣለች። ከፊቷ ስድስት ተራ አለ። ሁለቱ ሰው አይደሉም፤ ባለቤቶቻቸው ትተዋቸው የሄዱ ድንጋዮች ናቸው። ካርድ ክፍሉ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ጀመረ። ካርዷ 3 ሰዓት ከ5 ላይ ወጣላት። ሐኪም ፊት የቀረበችው 3 ሰዓት ከ43 ላይ ነው።

በወሩ ሪፖርት ላይ ይህች እናት 38 ደቂቃ የጠበቀች ታካሚ ነች። መዝገቡ የሚጀምረው ካርድ ከወጣበት ሰዓት ነዋ። እሷ ግን የጠበቀችው 4 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ነው። ጥራት ክፍል ስሠራ እንዲህ ያለውን ሪፖርት ካዘጋጁት ሰዎች አንዷ ነበርኩ። ማንም አልዋሸም። ሁላችንም መዝገቡ ላይ ያለውን ነው የደመርነው። የተሳሳትነው ከመደመራችን በፊት ነው።

ዛሬ የምጽፈው ይህ ስህተት እንዳይደገም ነው። ምሳሌዬ የጤና ጣቢያ የተመላላሽ ታካሚ ክፍል ነው፤ አካሄዱ ግን ለባንክ መስኮት፣ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ለልብስ ስፌት ፋብሪካም ይሠራል። ከዚህ በታች በስሌት የማሳያቸው ቁጥሮች ለማስረዳት የቀረቡ እንጂ ከአንድ ተቋም የተወሰዱ አይደሉም።

ለአዲስ አንባቢ ያህል፦ ሲክስ ሲግማ የሚባለው የጥራት አሠራር እ.ኤ.አ. በ1986 ሞቶሮላ ኩባንያ ውስጥ ነው የተጀመረው። በዚህ አሠራር አንድ የማሻሻያ ፕሮጀክት አምስት ምዕራፍ አለው፤ ችግሩን መበየን፣ መለካት፣ መተንተን፣ ማሻሻል እና መቆጣጠር። በእኛም አገር በቢፒአር (የሥራ ሂደትን ከሥር መሠረቱ የመለወጥ አሠራር)፣ በኋላም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በካይዘን (ሥራን ዘወትር ጥቂት በጥቂት የማሻሻል አሠራር) ቡድኖች ያለፈ ሰው ሐሳቡ አዲስ አይሆንበትም። እኔ የማተኩረው በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። የመለካት ምዕራፍ ሲያልቅ እጃችሁ ላይ አንድ ነገር መኖር አለበት። ሥራው ዛሬ እንዴት እየሄደ እንደሆነ የሚናገር፣ ስትጠየቁ ደፍራችሁ የምትሟገቱለት ቁጥር። ምክንያቱን መፈለግ የሚቀጥለው ምዕራፍ ሥራ ነው። መፍትሔው ደግሞ ከዚያም በኋላ።

1. መንገዱን በእግራችሁ ሂዱት

የሂደቱን ሥዕል ቢሮ ተቀምጣችሁ አትሳሉ። ከበሩ ጀምሩ። አንድ ታካሚ አስፈቅዳችሁ ከመጣበት እስኪወጣ አብራችሁት ዋሉ። ጥበቃ፣ ካርድ ክፍል፣ ክፍያ ወይም የጤና መድህን ማረጋገጫ፣ ትሪያጅ (የሕመሙ አጣዳፊነት የሚለይበት)፣ ሐኪም፣ ላቦራቶሪ፣ እንደገና ሐኪም፣ መድኃኒት ቤት። በየደረሰበት ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፤ ስንት ሰዓት ደረሰ፣ ስንት ሰዓት ተነሣ።

በዚህ አንድ ቀን ብቻ ከአሠራር ማንዋሉ ላይ የሌሉ ነገሮች ታያላችሁ። ለላቦራቶሪ ታዞ ናሙና ሊሰጥ ሲሄድ "መጀመሪያ ከፍለህ ና" ተብሎ ወደ ገንዘብ ተቀባይ የሚመለስ ሰው አለ። እዚያ ሌላ ወረፋ አለ። ማንዋሉ ላይ ይህ ወረፋ የለም፤ ሥዕላችሁ ላይ ግን መኖር አለበት።

ከሦስት እስከ አምስት ታካሚ ብትከተሉ ይበቃል። ዓላማው ስታቲስቲክስ አይደለም፤ የት የት መቆም እንዳለባችሁ ማወቅ ነው።

2. የምትለኩትን ቀንሱ

አዲስ ቡድን ሁሉን መለካት ያምረዋል። ሃያ ዓምድ ያለው ቅጽ ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ግማሹ ዓምድ ባዶ ይሆናል፤ በአምስተኛው ቀን ደግሞ ሞልቶ ይመጣል፣ ግን በግምት። ከባዶው ይልቅ የሚያስፈራኝ በግምት የተሞላው ነው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። አንድ ዋና መለኪያ ያዙ። በምሳሌያችን ታካሚው ወረፋ ከያዘበት እስከ ሐኪም ፊት እስኪቀመጥ ያለው ጊዜ ነው። ከሱ ጋር በኋላ ለመተንተን የሚጠቅሙ ሦስት ወይም አራት ነገሮች መዝግቡ፤ ቀኑ፣ የመጣበት ሰዓት፣ ካርዱ አዲስ ነው ወይስ ነባር፣ ከፋይ ነው ወይስ የጤና መድህን አባል።

በመጨረሻም አንድ ጠባቂ መለኪያ ጨምሩ። የመጠበቂያ ጊዜው ሲያጥር የሚጎዳ ነገር ካለ እሱን ነው የምትለኩት። እዚህ ላይ ታካሚው ከሐኪሙ ጋር የሚቆይበት ጊዜ ነው። ወረፋው ያጠረው ሐኪሙ ታካሚውን ሳያዳምጥ ስለሚያሰናብት ከሆነ ያ መሻሻል አይደለም። ይህን ለማወቅ ግን ዛሬ፣ ምንም ሳትነኩ፣ ሐኪሙ በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደሚያይ መመዝገብ አለባችሁ። በኋላ ልመዝግብ ብትሉ የድሮውን ከየትም አታገኙትም።

3. ትርጓሜውን ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ የምታጠፉት እዚህ ላይ ይሁን

"የመጠበቂያ ጊዜ" ስንል ሁላችንም የተግባባን ይመስለናል። አልተግባባንም። ለካርድ ሠራተኛዋ ከካርድ በኋላ ያለው ነው። ለነርሷ ከትሪያጅ በኋላ ያለው ነው። ለታካሚዋ ከአጥሩ ሥር የተቀመጠችበት ነው። ስለዚህ መነሻውን፣ መድረሻውን እና ማን እንደሚቆጠር በጽሑፍ አስቀምጡ።

መነሻ፦ ታካሚው ከበሩ ውጭ ወይም ውስጥ ተራ የያዘበት ደቂቃ። ይህን ለማግኘት አንድ መረጃ ሰብሳቢ በር ላይ መቆም አለበት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ። የመጣ ሰው ሁሉ ቁጥርና ሰዓት የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ይሰጠዋል። ድንጋይ አስቀምጦ የሄደስ? ይህንንም ወስኑ። የእኔ ውሳኔ ሰውየው ራሱ ተመልሶ ከመጣበት መቁጠር ነው፤ ቤቱ ተመልሶ የተኛበትን ሰዓት እንደ መጠበቅ መቁጠር ቁጥሩን ያጋንናል። ሌላ ቡድን ሌላ ሊወስን ይችላል። ዋናው ሁሉም ሰብሳቢ አንድ ዓይነት ማድረጉ ነው።

መድረሻ፦ ታካሚው ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጠበት ደቂቃ። ስሙ የተጠራበት አይደለም። ስም ተጠርቶ ሰውየው ሽንት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ተጠርቶ ገብቶም ሐኪሙ ስልክ ላይ ሊሆን ይችላል።

የማይቆጠሩ፦ ድንገተኛ ታካሚ፣ ለክትባት የመጣ ሕፃን፣ ቁስል ለማሳሸግ ብቻ የመጣ ሰው። የላቦራቶሪ ውጤት ይዞ ወደ ሐኪም የሚመለስ ሰው እንደ አዲስ አይቆጠርም።

አሁን አንድ ቡድን ሁሉ የሚረሳው ሰው አለ። ሰልችቶት የሄደው። ሦስት ሰዓት ጠብቆ ሥራ የሚረፍድበት የቀን ሠራተኛ ተነሥቶ ይሄዳል። ሐኪም ፊት ስላልቀረበ የመድረሻ ሰዓት የለውም። የመድረሻ ሰዓት ስለሌለው ኤክሴሉ ይዘለዋል። በጣም የጠበቁት ሰዎች ከስሌቱ ሲወጡ አማካዩ ያምራል። ወረፋው በባሰ ቁጥር ብዙ ሰው ይሄዳል፤ ብዙ ሰው በሄደ ቁጥር ሪፖርቱ ያምራል። ይህን ያየሁ ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መፍትሔው ቀላል ነው። በር ላይ ከተሰጡት ወረቀቶች ሐኪሙ ክፍል ያልደረሱትን በየቀኑ ቁጠሩ። "ሳይታዩ የሄዱ" ብላችሁ ለብቻቸው አስቀምጧቸው። ከአማካዩ ጎን ሁልጊዜ አብረው ይጻፉ።

ትርጓሜውን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ቡድኑ ውስጥ ለሌለ ሰው ስጡት። ምንም ሳታስረዱት አሥር ታካሚ ይመዝግብ። የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ሁሉ ትርጓሜው ላይ ያለ ቀዳዳ ነው።

4. የሰዓቱና የቀን መቁጠሪያው ጣጣ

ከውጭ የተተረጎሙ ማንዋሎች ይህን አይነግሯችሁም፤ ችግሩ የእኛ ነውና።

ጥበቃው በእጁ ሰዓት "2፡40" ብሎ ይጽፋል። ነርሷ ስልኳን አይታ "8፡55" ትላለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ መካከሉ 15 ደቂቃ ነው። ኤክሴል ውስጥ ሲገቡ ግን 6 ሰዓት ከ15 ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ስህተት ትልቅ ስለሆነ ይታያል ትሉ ይሆናል። ታካሚዎች በእውነትም ለሰዓታት በሚጠብቁበት ቦታ ግን ስድስት ሰዓት ከቁጥሮቹ መሐል ቢገባ ማንም አይደነግጥም። ስለዚህ ሁሉም ሰው በአንድ አቆጣጠር ይጻፍ፤ የትኛው እንደሆነም ቅጹ አናት ላይ በትልቁ ይታተም። እኔ በእኛ አቆጣጠር ማድረግ እመርጣለሁ፤ ሰዎች በለመዱት ሲጽፉ አይሳሳቱም።

በእኛ አቆጣጠር ከሄዳችሁ አንድ ወጥመድ አለ። ከሌሊቱ 11፡40 የመጣ ሰው ከጠዋቱ 3፡10 ላይ ቢታይ ማሽኑ ከ3፡10 ላይ 11፡40 ቀንሶ አሉታዊ ቁጥር ይሰጣችኋል። ከንጋት በፊት ለመጣ ሰው የመድረሻ ሰዓቱ ላይ 12 ሰዓት ጨምሩ። 15፡10 ሲቀነስ 11፡40 እኩል ይሆናል 3 ሰዓት ከ30። ልክ ነው።

ቀኑ ደግሞ ይብሳል። ኤክሴል የኢትዮጵያን ቀን አያውቅም። ጥቅምት 30ን በቁጥር "30/2" ብላችሁ ብትጽፉ እሱ የሚያየው ፌብሯሪን ነው፤ ፌብሯሪ 30 ስለሌለው ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። መስከረም 30 እና ጥቅምት 1 ተከታታይ ቀናት ናቸው። በ"30/1" እና በ"1/2" ከጻፋችኋቸው ግን ልዩነቱን 2 ቀን ይላችኋል፤ ጃንዋሪ 31 ቀን ስላለው። ጳጉሜንማ ጭራሽ፤ 13ኛ ወር አያውቅም። የመቆያ ጊዜውን በቀናት የምትለኩ ከሆነ፣ ለምሳሌ የፈቃድ ማመልከቻ ስንት ቀን ይፈጃል የሚል ፕሮጀክት ከሆነ፣ ይህ ስህተት ውጤታችሁን ያበላሻል። ቀን፣ ወርና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች አስገቡ። አለበለዚያ ከማስገባታችሁ በፊት ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ለውጡ።

የግድግዳ ሰዓቶቹንም አትመኑ። ስልካችሁን ይዛችሁ ክፍል ለክፍል ዙሩና አመሳክሩ። የካርድ ክፍሉ ሰዓት ሰባት ደቂቃ ከቀደመ፣ የላቦራቶሪው ሦስት ደቂቃ ከዘገየ፣ ሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለ ጊዜ ሁሉ በአሥር ደቂቃ የተሳሳተ ነው። አንድ ጊዜ ናሙናው ከመታዘዙ አራት ደቂቃ ቀድሞ የደረሰ የላቦራቶሪ ውጤት አግኝቼ ነው ሰዓቶቹን ማየት የጀመርኩት። ባትሪ ተቀየረ፣ ሁሉም በስልክ ሰዓት ተስተካከለ። ርካሽ ሥራ ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት ይበቃዋል።

5. ቅጹን አንድ ገጽ አድርጉት

የታካሚ ስም አይጻፍ። የበሩ ቁጥር ይበቃል። ያችው ቁጥር ከታካሚው ጋር ከክፍል ክፍል ትዞራለች፤ በየክፍሉ ያለው ሠራተኛ የገባበትን ደቂቃ ብቻ ጽፎ ይመልሳታል። ሕመሙን፣ ምርመራውን፣ መድኃኒቱን የሚመለከት ምንም ነገር አያስፈልጋችሁም። የሰው ምስጢር የሌለበት ወረቀት ቢጠፋም ማንንም አይጎዳም።

ለመዘግየት ምክንያት ቦታ ከተዋችሁ ባዶ መስመር አትተዉ። ከአምስት የማይበልጡ ምርጫዎች አትሙ፤ ካርድ ጠፍቶ፣ ሐኪም አልገባም፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ገንዘብ ተቀባይ የለም፣ ሌላ። "ሌላ" ከአምስቱ አንድ እጅ ካለፈ ምርጫዎቹ አልተሟሉም ማለት ነው፤ ወረቀቶቹን አንብባችሁ ጨምሩ።

6. ከመሰብሰብ በፊት መለኪያውን ለኩ

ብዙ ቡድን ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ ሲዘለውም አዝናለሁ። ሚዛኑ ልክ መሆኑን ሳያይ ጤፍ የሚገዛ ሰው የለም። እኛ ግን ማን እንዴት እንደጻፈው ያላየነውን ቁጥር ይዘን ስብሰባ እንገባለን።

ለሰዓት የሚሆነው ፈተና እንዲህ ነው። ሁለት ሰብሳቢዎች ተመሳሳይ 20 ታካሚዎችን፣ ሳይነጋገሩና አንዱ የሌላውን ወረቀት ሳያይ፣ ይመዝግቡ። ከዚያ የእያንዳንዱን ታካሚ ልዩነት አስሉ። ሁለት ነገር እዩ። ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ በኩል ያደላል? ለምሳሌ አንደኛዋ ሁልጊዜ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ቀድማ ትጽፋለች። ይህ የትርጓሜ ችግር ነው፤ ምናልባት ስም ሲጠራ ነው የምትጽፈው። አቁማችሁ አሠልጥኑና እንደገና ፈትኑ። ልዩነቱ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ መጠኑን እዩ። የመጠበቂያው ጊዜ በሰዓታት ሲሆን የአንድና ሁለት ደቂቃ ልዩነት አያሳስብም። ትሪያጅ ውስጥ ያለውን አራት ደቂቃ እየለካችሁ ከሆነ ግን ሁለት ደቂቃ ግማሽ ነው።

የፋብሪካ ሰዎች ይህን ጌጅ አር ኤንድ አር ይሉታል። እዚያ የተለመደው ደንብ ግልጽ ነው። ከምታዩት ልዩነት ውስጥ የመለኪያው ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ መለኪያው ጥሩ ነው። ከ10 እስከ 30 በመቶ እንደ ሥራው ዓይነት ይታለፋል። ከ30 በላይ ከሆነ ቁጥሩን ጥላችሁ መለኪያውን አስተካክሉ።

እንደ "የመዘግየት ምክንያት" ላለ በዓይነት የሚመደብ ነገር ፈተናው ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ 50 ወረቀት ለየብቻቸው ይመድቡ። 40ው ላይ ተስማሙ እንበል፤ 80 በመቶ። ደስ ይላል፤ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ቢመድቡም የተወሰነው ላይ ይገጥማሉ። በአጋጣሚ የሚገጥሙበት ድርሻ 50 በመቶ ቢሆን፣ ከ80 ላይ 50 ቀንሱ፣ 30። ከ100 ላይም 50 ቀንሱ፣ 50። 30ን ለ50 ስታካፍሉ 0.6 ታገኛላችሁ። ይህ ቁጥር ካፓ ይባላል። ከ0.75 በላይ ከሆነ ጥሩ ስምምነት አለ፤ ከ0.40 በታች ከሆነ ምደባውን መጣል ይሻላል። 0.6 መሐል ላይ ነው። እኔ ብሆን ያልተስማሙባቸውን አሥር ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ከሁለቱ ጋር አንድ በአንድ አነባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምርጫዎች ተደራርበው ይገኛሉ።

7. ስንት ሰው፣ የትኞቹ ቀናት

"ናሙናው ስንት ይሁን?" ለሚለው መልሱ በሦስት ነገር ይወሰናል፤ ቁጥሮቹ ምን ያህል ይበታተናሉ፣ እናንተ ምን ያህል ትክክል መሆን ትፈልጋላችሁ፣ እና ምን ያህል እርግጠኛ። መጀመሪያ ለሙከራ ሠላሳ ታካሚ መዝግቡና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበታተኑ የሚያሳየውን ልክ፣ አግኙ። ኤክሴል ያወጣላችኋል። 40 ደቂቃ ሆነ እንበል። አማካዩን 8 ደቂቃ ወዲህ ወይም ወዲያ ባለ ስፋት፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ማወቅ ፈለጋችሁ። 1.96ን (ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚያገለግለው ቁጥር ነው) በ40 አባዙ፣ ለ8 አካፍሉ፤ 9.8። ይህን በራሱ አባዙ፤ 96.04። ወደ ላይ አጠጋጉት፤ 97 ታካሚ።

ስፋቱን ወደ 4 ደቂቃ ላጥብበው ብትሉ ናሙናው በእጥፍ አያድግም፤ በአራት እጥፍ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ለውሳኔ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ትክክለኛነት አትጠይቁ።

ስሌቱ የማይነግራችሁ ግን የበለጠ አስፈላጊ ነው። 97ቱን ታካሚ በአንድ ሰኞ ጠዋት ከሰበሰባችሁ የተመላላሽ ክፍሉን አልለካችሁም፤ ያንን ሰኞ ነው የለካችሁት። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ላይ ዘርጉት። ሁሉም የሥራ ቀን ይግባ። ጠዋትም ከሰዓትም ይግባ። የቀን መቁጠሪያውን በአካባቢው ሰው ዓይን እዩት፤ የገበያ ቀን መቼ ነው? በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም የሚቀር ሰው ካለ በማግስቱ ወረፋው ሊበረታ ይችላል። ረመዳን ላይ ሰዉ የሚመጣበት ሰዓት ሊለወጥ ይችላል። የእነዚህን ቀናት መረጃ አትጣሉት፤ ምልክት አድርጉበት።

ከቀኑ ውስጥ ማንን ልውሰድ ለሚለው ቀላሉ መንገድ በየተወሰነ ቁጥር መውሰድ ነው። በቀን 150 ያህል ሰው ቢመጣ በየ15ኛው ወረቀት ቢወሰድ 10 ሰው ይገኛል። ሰብሳቢው ራሱ አይምረጥ። ሳያስበው ፊቱ ላይ ያለውን፣ ቁጣ የማያሳየውን ይመርጣል።

8. መሰብሰብ

ከመጀመራችሁ በፊት ሠራተኞቹን ሰብስቡ። ወረቀት ይዞ ሰዓት የሚጽፍ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የሚመጣባቸው "ሊያስቀጡን ነው" የሚለው ነው። ልክም ናቸው፤ በብዙ ቦታ ሲሆን ያዩት እሱ ነው። የማንም ሠራተኛ ስም እንደማይመዘገብ ንገሯቸው። ከዚያም ቃላችሁን ጠብቁ። ኃላፊው በሁለተኛው ሳምንት "የማን ክፍል ነው የሚያዘገየው?" ብሎ ቢጠይቅ አትመልሱለት። አንዴ ከመለሳችሁ ከዚያ በኋላ የምታገኙት ቁጥር ሁሉ ራሱን ለመከላከል የተጻፈ ነው።

ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ለጥቂት ቀናት ይፈጥናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት መዝግቡ፣ ከመነሻው ስሌት ግን አውጧቸው።

በየቀኑ ማታ፣ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ወረቀቶቹን አንድ ጊዜ ገልብጡ። የጎደለ ሰዓት፣ የተገለበጠ ቅደም ተከተል፣ ሁሉም በ5 እና በ0 የሚያልቅ ደቂቃ። የመጨረሻው በግምት እንደተጻፈ ይናገራል። ዛሬ ማታ ብትጠይቁ ሰብሳቢው ያስታውሳል፤ በሳምንቱ አያስታውስም።

9. መነሻውን አንብቡ

የ11 ታካሚ የመጠበቂያ ደቂቃ ይኸውና፦ 35፣ 48፣ 52፣ 60፣ 66፣ 71፣ 78፣ 85፣ 110፣ 175፣ 210። አማካዩ 90 ነው። መሐል ላይ ያለው ስድስተኛው ሰው ግን 71 ነው የጠበቀው። ከ11ዱ ስምንቱ ከአማካዩ በታች ናቸው፤ አማካዩን ወደ ላይ የጎተቱት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። የወረፋ ቁጥር እንዲህ ጅራቱ የረዘመ ነው። ስለዚህ አማካይ ብቻውን አይቅረብ። የመሐሉን ሰው፣ ከአሥር ሰው ዘጠኙ በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደሚታዩ፣ እና ከግባችሁ በላይ የጠበቁትን ድርሻ አብራችሁ ጻፉ። ግባችሁ 60 ደቂቃ ቢሆን እዚህ ከ11 ሰባቱ አልፈውታል፤ 64 በመቶ።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን በቀን ቅደም ተከተል በመስመር ሣሉ። የየቀኑን መሐለኛ ቁጥር ነጥብ አድርጋችሁ፣ የሁሉንም መሐለኛ መስመር መሐል ላይ አስምሩ። በጤና ጥራት ሥራ የተለመደው ደንብ ይህ ነው፤ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ተከታታይ ነጥብ ከመስመሩ አንድ ወገን ከዋለ፣ ወይም አምስት ነጥብ በተከታታይ ከወጣ ወይም ከወረደ፣ በመሐል የተለወጠ ነገር አለ። ያን ጊዜ ያላችሁ አንድ መነሻ አይደለም፤ ሁለት ነው። ምን እንደተፈጠረ ጠይቁ። ሐኪም ፈቃድ ወጥቶ ነበር? አዲስ ማሽን ገባ?

በመጨረሻ የምወደውን ማመሳከሪያ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ሊትል ያረጋገጠው ሕግ ነው። በአንድ ቦታ የሚጠብቀው ሰው በአማካይ ስንት ነው? በሰዓት የሚመጣው ሰው ሲባዛ ሰው በአማካይ በሚቆይበት ጊዜ። በሰዓት 20 ሰው ቢመጣ፣ መረጃችሁም አንድ ሰዓት ተኩል ይጠብቃሉ ቢል፣ ወረፋው ላይ በአማካይ 30 ሰው መኖር አለበት። ወጥታችሁ አግዳሚ ወንበሩ ላይና በሩ ላይ ያለውን ሰው ቁጠሩ፤ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለብዙ ቀን፣ ከንጋት እስከ መዝጊያ። አማካዩ 50 ከመጣ እውነተኛው ጊዜ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጠጋል፤ አንድ ሰዓት ያህል የትም ሳይመዘገብ ቀርቷል። ያ የአጥሩ ሥር ሰዓት ነው። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። በጣት መቁጠር ይበቃል።

ሂደቱ ብዙ እርከን ካለው አንድ ሌላ ስሌት ጨምሩ። ካርድ፣ ትሪያጅ፣ ላቦራቶሪና መድኃኒት ቤት እያንዳንዳቸው 95 በመቶውን ታካሚ ሳያመላልሱ ቢያስተናግዱ ሁሉም ራሱን ጎበዝ ይላል። 0.95ን አራት ጊዜ አባዙት፤ 0.81። ከመቶ 19 ታካሚ የሆነ ቦታ "ተመለስ" ተብሏል። ኃላፊዎች ክፍል ለክፍል የቀረበላቸውን ሪፖርት አይተው ግራ የሚጋቡት ለዚህ ነው።

የሲግማ ደረጃ ቁጥር፣ ማለትም ሂደቱ ምን ያህል ከስህተት እንደራቀ የሚያሳየውን ነጥብ፣ ካልተጠየቃችሁ አታስሉ። በሚሊዮን 3.4 ስህተት የሚለው ዝነኛ ግብ ለመቶ ታካሚ ናሙና ትርጉም አይሰጥም።

10. ርክክብ

ለመተንተን ምዕራፍ የምታስረክቡት ሁለት ገጽ ይበቃል። የተጻፈው ትርጓሜ፣ የመለኪያ ፈተናው ውጤት፣ ናሙናው ስንትና መቼ እንደተወሰደ፣ የመነሻ ቁጥሮቹ ከነሥዕላቸው፣ ሳይታዩ የሄዱት ቁጥር፣ እና የምታውቁት ጉድለት ሁሉ። ጉድለቱን አትደብቁ። "ዝናብ በጣለባቸው ሁለት ቀናት በር ላይ ሰብሳቢ አልነበረም" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚቀጥለውን ሰው ከተሳሳተ መደምደሚያ ታድነዋለች።

የበሩን ወረቀቶች በቀን በቀናቸው አስራችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ። ማሻሻያው ከተሠራ በኋላ፣ ምናልባት ከስድስት ወር በኋላ፣ በዚያው ትርጓሜ፣ በዚያው ሰዓት አቆጣጠር፣ ከዚያው በር ላይ ቆማችሁ እንደገና ትለካላችሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ድረሱ።